ሥርዓተ ጾታ ማኅበራዊ ከሆነ አካል ወዴት ገባ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሴት ተማሪዎች በስፖርት ክፍለ ጊዜ ለምን ወደ ኋላ ይላሉ በሚል ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። የንድፈ ሐሳቡን ምዕራፍ ‹ጾታ ተፈጥሯዊ ነው፣ ሥርዓተ ጾታ ማኅበራዊ ነው› ብዬ ጀመርኩ። አማካሪዬ ከጎኑ ‹ታዲያ አካል ወዴት ገባ?› ብለው ጻፉበት። ፌሚኒስቶች ስለ አካል የሚሉት ምንድን ነው? ጁዲት በትለር ‹አካል የሚባል ነገር የለም› ትላለች የሚባለውስ እውነት ነው?»

አማካሪዎ የነኩት ትክክለኛውን ቦታ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ሐሰት አይደለችም፤ ችግሯ ለአንድ ሥራ የተሠራች መሣሪያ ሆና ሳለ ለሁሉም ሥራ መዋሏ ነው። መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ስለ ተቋም፣ ስለ ሥራ ክፍፍልና ስለ ደንብ ሲጽፉ «ሥርዓተ ጾታ» የሚለውን ቃል ይያዙት። ስለ አንዲት ልጅ እንቅስቃሴ፣ ሐፍረት፣ ድካምና ጉልበት ሲጽፉ ግን «ሕያው አካል» (ሰው ከውስጥ ሆኖ የሚኖረው አካል) ወደሚለው ሐሳብ ይሻገሩ። ይህን ድልድል የሥነ ጽሑፍ ምሁሯን የቶሪል ሞይን ክርክር ተከትላ በ2002 ያቀረበችው ፈላስፋዋ አይሪስ ማርዮን ያንግ ናት። ርዕስዎ ከእርሷ ሥራ ጋር በቀጥታ ስለሚገጥም እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክፍፍሉ ከየት መጣ? የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሮበርት ስቶለር በ1968 አካላዊ ጾታን፣ ሰው «ወንድ ነኝ» ወይም «ሴት ነኝ» ብሎ ከሚይዘው ማንነት ለየ። አን ኦክሊ በ1972 ልዩነቱን ወደ ሶሲዮሎጂ አመጣችው። ጌል ሩቢን በ1975 ማኅበረሰብ አካላዊ ጾታን እንደ ጥሬ ዕቃ ተቀብሎ የጋብቻ፣ የዝምድናና የሥራ ሥርዓት የሚሠራበትን መንገድ አሳየች። በዚያን ጊዜ መልስ የሚፈልገው ክርክር «ሴት የምትወልድ ስለሆነች ይህ ሥራ አይሆንላትም» የሚል ነበር። ማኅፀን መኖሩ ሐቅ ነው፤ ዳኛ ወይም መሐንዲስ መሆን አለመቻል ግን ከማኅፀን አይወጣም። ለዚህ መልስ ክፍፍሉ በቂ ነበር፣ ዛሬም በቂ ነው።

ያስከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። አካል በሙሉ ለሥነ ሕይወት ተሰጠና ለፌሚኒስት ጥናት ትራፊው ቀረ። ሊንዳ ኒኮልሰን በ1994 ይህን አመለካከት ከኮት መስቀያ ጋር አመሳሰለችው፦ አካል በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ የቆመ መስቀያ ነው፣ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የየራሱን ልብስ ይሰቅልበታል። መስቀያ በተሰቀለበት ልብስ አይለወጥም። አካል ግን ይለወጣል።

አጥንትን ይውሰዱ። ለብዙ ዓመታት ቴኒስ የተጫወተ ሰው ራኬት የሚይዝበት ክንዱ አጥንት ከሌላው ክንዱ ይልቅ ይወፍራል፣ ይጠነክራል። ሁለቱም ክንዶች የአንድ ሰው ናቸው፤ ክሮሞዞማቸው አንድ፣ ሆርሞናቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ ነው። የለያቸው የተሸከሙት ጫና ነው። ጨዋታውን ከጉርምስና በፊት በጀመሩት ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል፣ አጥንት ለጫና በደንብ የሚገነባው በማደግ ላይ ሳለ ነውና። እንግዲህ አንዲት ልጅ በ10 እና በ12 ዓመቷ እንዳትሮጥ፣ እንዳትዘል፣ ከፍ ካለ ነገር ላይ እንዳትወጣ ከተከለከለች ክልከላው ጠባይዋ ላይ ብቻ አይቀርም፤ አጥንቷ ውስጥ ይገባል። በስተርጅና አጥንቷ ሲሳሳ ምክንያቱ «ሴትነቷ» ተብሎ ይመዘገባል። በማረጥ ጊዜ የሚመጣው የሆርሞን መቀነስ በእርግጥ ድርሻ አለው፤ ያልተዘለለው ዝላይም እንዲሁ። የሥነ ሕይወት ባለሙያዋ አን ፋውስቶ ስተርሊንግ በ2005 ስለ አጥንት ስትጽፍ ያስረዳችው ይህንኑ ነው፦ ይህን ያህሉ ከተፈጥሮ፣ ይህን ያህሉ ከማኅበረሰብ ብሎ በመቶኛ ማካፈል አይቻልም፣ ሁለቱ አንዱን አጥንት አብረው ነው የሚሠሩት።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ ሌላ ገደል አለ፦ አካልን ጭራሽ አለማየት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ1977 ማርገዝ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያ ደረጃ የመድኃኒት ሙከራ እንዳይካተቱ መመሪያ አወጣ፤ መመሪያው የተነሣው በ1993 ነው። በ2013 ያው ባለሥልጣን ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ለሴቶች የሚታዘዝበት መነሻ መጠን ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 ሚሊግራም ዝቅ እንዲል አደረገ፣ መድኃኒቱ ከሴቶች ሰውነት የሚወጣው ዘግይቶ ስለሆነና ጠዋት መኪና ሲነዱ ገና በደማቸው ውስጥ ስለሚገኝ። «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብሎ አካልን ከሒሳብ ማውጣት ገለልተኛ አያደርግም፤ የወንድ አካል ሳይነገር መለኪያ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ምዕራፍዎ ሁለቱንም ገደል ማሳየት አለበት፣ አካል ዕጣ ፈንታ ነው የሚለውንም፣ አካል ምንም አይደለም የሚለውንም።

ከሁለቱ መካከል መንገድ የከፈተችው ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ደ ቦቮር ናት። በ1949 «ሁለተኛው ጾታ» በተባለው መጽሐፏ «ሰው ሴት ሆኖ አይወለድም፣ ሴት ይሆናል እንጂ» ማለቷን ሁሉም ይጠቅሳል። ተማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱትም እዚህ ነው፦ «ቦቮር ጾታንና ሥርዓተ ጾታን ለየች» ብለው ይጽፋሉ። አልለየችም፤ ክፍፍሉ እርሷ ከጻፈች ወደ 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው የመጣው። የእርሷ ቃል «ሁኔታ» ነው። አካል ዕቃ አይደለም፣ ሁኔታ ነው፤ ዓለምን የምንይዝበት እጀታ ነው። ይህን ሐሳብ ከፈላስፋው ከሞሪስ መርሎ ፖንቲ የ1945 ሥራ ጋር ትጋራለች። ሁኔታ ማለት ሐቁና ሐቁን የያዘው ሰው ዓላማ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የ8 ወር እርግዝና ለፈለገችውና ደጋፊ ላላት ሴት፣ ላልፈለገችውና ከባድ ዕቃ ተሸክማ ለምታድር ሴት አንድ ዓይነት ክብደት አለው፤ አንድ ዓይነት ሁኔታ ግን አይደለም። በጎን የምነግርዎ ነገር ቢኖር ትርጉም ይምረጡ፦ በ1953 የወጣው የዚህ መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም የእንስሳት ሳይንስ ባለሙያ የሠራው ሲሆን ብዙ ቦታ ተቆርጧል፣ የፍልስፍና ቃላቱም ተድበስብሰዋል። በ2009 የወጣው ሙሉው ነው። ሲጠቅሱ የትኛውን እንደያዙ ይጻፉ።

አሁን ወደ ያንግ። በ1980 ያሳተመችው ጽሑፍ የሚነሣው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኤርዊን ስትራውስ ካቀረበው ንጽጽር ነው። የ5 ዓመት ልጅ የሆነች ሴት ኳስ ስትወረውር ክንዷን ወደ ጎን አትዘረጋም፣ ወገቧን አታዞርም፣ እግሯን አታንቀሳቅስም፤ ኳሱ ያለ ኃይልና ያለ ዒላማ ከእጇ ይወጣል። እኩያዋ ወንድ ልጅ ክንዱን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይስባል፣ ወገቡን ይጠመዝዛል፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ወስዶ በመላ አካሉ ይወረውራል። በዚህ ዕድሜ ጡት ገና አላደገምና ምክንያት ሊሆን አይችልም። ስትራውስ ሌሎቹንም ምክንያቶች ጥሎ በመጨረሻ «ሴታዊ ጠባይ ነው» አለ። ማለትም ማስረዳት የሚገባውን ነገር ስም አውጥቶለት መልሶ እንደ ማስረጃ አቀረበው። ጽሑፍዎ ውስጥ «ሴት ልጆች በተፈጥሯቸው ቁጥብ ናቸው» የሚል ነገር ከገባ እርስዎም ያንኑ አድርገዋል ማለት ነው።

ያንግ በእንቅስቃሴው ውስጥ ሦስት ነገር ለየች። አንደኛው፣ አካሉ ወደ ዓለም ይዘረጋል፣ ነገር ግን ከፊሉ ብቻ ነው የሚዘረጋው፤ ቀሪው እንደ ሸክም ከኋላ ይቀራል። ሁለተኛው የታገደ ዓላማ ነው፦ «እችላለሁ» እና «አልችልም» በአንድ እንቅስቃሴ ውስጥ አብረው ይሄዳሉ። እጅ ይነሣል፣ መንገድ ላይ ይመለሳል። ሦስተኛው የተቆራረጠ አንድነት ነው፤ ከባድ ነገር ስታነሣ ጭኗንና ጀርባዋን ሳታስገባ በክንዷ ብቻ ትታገላለች፣ ከዚያ ያልተነሣው በጉልበቷ ማነስ ነው ብላ ትደመድማለች። በዙሪያዋ ያለው ቦታም ይጠባል። ኳስ ሲመጣ ወደ ኳሱ አትሄድም፣ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ኳሱ ወደ እርሷ የሚመጣ ሳይሆን በእርሷ ላይ የሚመጣ ይመስላታል።

ምክንያቱን ያንግ ከሁለት ቦታ ታመጣዋለች። አንዱ ልምምድ ነው፤ ያልወረወረ ክንድ መወርወር አይማርም፣ «ተጠንቀቂ፣ እንዳትቆሽሺ» እየተባለች ያደገች ልጅ ደግሞ ያልለመደችውን ያህል ፍርሃትን ትለምዳለች። ሁለተኛው እይታ ነው፦ ልጅቷ የሚሠራ አካል ብቻ አይደለችም፣ የሚታይ አካልም ናት፤ እየሮጠች ራሷን ከውጭ ታያለች። ከግማሽ ትኩረት በላይ «እንዴት እታያለሁ» በሚለው ላይ ከዋለ ለኳሱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሳይጋበዝ የሚነካ እጅ ስጋትም እዚህ ውስጥ አለ።

የጽሑፉን ወሰን መግለጽ አይርሱ። ያንግ የተናገረችው ዓላማ ስላለው እንቅስቃሴ ብቻና በዘመኗ በኢንዱስትሪ በበለጸጉ አገሮች ስለሚኖሩ ሴቶች ነው፤ ሴት ሁሉ እንዲህ ናት አላለችም። ከዓመታት በኋላም ወደ ጽሑፏ ተመልሳ ራሷን ተችታለች፦ አንድ ግብ ይዞ ወደ ፊት የሚሄድን እንቅስቃሴ መለኪያ አደረግሁ፣ ልጅ በአንድ ክንድ ታቅፎ በሌላው እጅ ሥራ መሥራትን፣ ማለትም ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚይዝ አካልን ጥበብ አላየሁም በሚል። ይህ ትችት ለእርስዎ ወርቅ ነው። ከባድ ውኃ የምትሸከም ልጅ ስፖርት ሜዳ ላይ «ደካማ» ከተባለች ድክመቱ ያለው አካሏ ላይ ነው ወይስ መለኪያው ላይ?

ያንግ የሚጎድላት ተቋሙ ነው፤ እርሱን ከፈላስፋዋ ሳንድራ ባርትኪ ይውሰዱ። ፈላስፋው ሚሼል ፉኮ በ1975 ወታደር ቤት፣ ትምህርት ቤትና እስር ቤት ታዛዥ አካል እንዴት እንደሚሠሩ አሳይቷል። ባርትኪ በ1988 የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር፦ የወንድና የሴት አካል የሚገሠጸው በአንድ ዓይነት መንገድ ነውን? እርሷ ሦስት ዓይነት ተግሣጽ ትለያለች፣ መጠንንና ቅርፅን የሚመለከተው፣ አቀማመጥንና አረማመድን የሚመለከተው፣ አካልን እንደ ማጌጫ ገጽ የሚይዘው። «እግርሽን ሰብስቢ» የሚለው ከሁለተኛው ነው። የዚህ ተግሣጽ ልዩ ጠባይ አሠሪ የሌለው መሆኑ ነው፤ ዘበኛ የለም፣ ደንቡ የተጻፈበት ወረቀት የለም፣ ስለዚህም ልጅቷ የራሷ ፍላጎት ይመስላታል። ሱዛን ቦርዶ በ1993 ራስን በረሃብ መቅጣትን በዚሁ ዓይን መርምራለች፤ ርዕስዎ አመጋገብን ካልነካ ግን ባጭሩ ጠቅሰው ይለፉ።

በትለር «አካል የለም» አላለችም። የ1990 ሥራዋ ከወጣ በኋላ «ታዲያ ቁሳዊው አካልስ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣባት በ1993 ሌላ መጽሐፍ የጻፈችው በትክክል ይህን ለመመለስ ነው። የምትለው «አካልን ስም ሳይሰጠው በፊት ማንም አላገኘውም» ነው። ልጅ ሲወለድ «ሴት ናት» የሚለው ቃል ዜና ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ዳኛ ብይን ሥራም ይሠራል፣ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ስም፣ ልብስ፣ አነጋገር፣ የሚጠበቅ ጠባይ ይከተላል። በትለር ይህን ከፈላስፋው ኦስቲን የወሰደችው ነው፤ እርሱ መናገራቸው ራሱ ድርጊት የሆነ ቃላትን ለይቷል። ስለዚህ ሐሳቧን «ሥርዓተ ጾታ ትወና ነው» ብለው አይተርጉሙት። ተዋናይ ከመድረክ ወርዶ ልብሱን ያወልቃል፤ እርሷ የምትለው ድግግሞሽ ግን ከጀርባው ሌላ ተዋናይ የለውም፣ ሰውየውን ራሱን የሚሠራው ድግግሞሹ ነው። ድክመቷን መጻፍ ከፈለጉ እዚህ ነው፦ ሕመም፣ ድካም፣ የወር አበባ ቁርጠት ከስም አሰጣጥ ውጭ በራሳቸው ምን እንደሚናገሩ ከእርሷ ብዙ አያገኙም። ያንግ የምትረዳዎት በዚያ ነው።

«ማኅበራዊ ነው» እና «ሐሰት ነው» አንድ አይደሉም፤ ይህ ካልተብራራ ምዕራፉ ይፈርሳል። ቀንን የምድር መሽከርከር ይሠራዋል፤ 7 ቀን ያለውን ሳምንት ግን በሰማይ የሚሠራው ነገር የለም። ሆኖም ሳምንት ሰው መቼ እንደሚደክም፣ መቼ እንደሚያርፍ፣ መቼ ከዘመድ እንደሚገናኝ ይወስናል። ሰዎች የሠሩት ነው፣ እውነትም ነው፣ አካል ላይም ይታያል።

ጾታ ራሱ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ግማሽ ዓረፍተ ነገርዎም ማብራሪያ ይሻል። ጾታ ሲባል ክሮሞዞም፣ ዕጢዎች፣ ሆርሞን፣ የውስጥና የውጭ ብልት አብረው ይቆጠራሉ፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ይስማማሉ፣ በአንዳንዱ ላይ አይስማሙም። ፋውስቶ ስተርሊንግና ባልደረቦቿ በ2000 ያቀረቡት 1.7 በመቶ የሚለው ቁጥር በየቦታው ይጠቀሳል። ሲጠቀሙበት ምን እንዳለበት ይወቁ፦ ከዚያ ውስጥ 1.5 ያህሉ ዘግይቶ የሚታይ የአድሬናል ዕጢ (ከኩላሊት በላይ ያለ ዕጢ) ችግር ነው፣ እነዚህ ሰዎች ሲወለዱ ጾታቸው አያሻማም። ሊዮናርድ ሳክስ በ2002 ትርጉሙን አጥብቦ 0.018 በመቶ አለ። የሁለቱ ቁጥሮች ርቀት ከትርጉሙ የመጣ ነው። ቁጥሩን ያለ ትርጉሙ መጥቀስ ለየትኛውም ወገን አይጠቅምም።

«ሴት» የሚለውን ቃል በየትኛው ትርጉም እንደያዙት በአንድ አንቀጽ ይግለጹ። ሳሊ ሃስላንገር በ2000 ሴትን የበየነችው ከመውለድ ጋር የተያያዘ አካል አላት ተብላ በመታሰቧ ዝቅ የተደረገች በማለት ነው። ካትሪን ጄንኪንስ በ2016 ይህ ብያኔ በሌሎች ዘንድ እንደ ሴት የማይታዩ ትራንስ ሴቶችን (ሲወለዱ ወንድ ተብለው ራሳቸውን ግን ሴት የሚሉትን) ያስቀራል ብላ ተቃወመች፣ የውስጥ ማንነትንም ጨመረችበት። አካላዊ ጾታ ብቻ ነው መለኪያው የሚሉ ፌሚኒስቶችም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። ለእርስዎ ጥናት የሚያስፈልገው ተማሪዎቹን ማን እንዴት እንደመደባቸው በግልጽ መጻፍ ነው፦ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ነው ወይስ ራሳቸው ነገሩዎት?

አንድ «የሴት አካል» አለ ብለውም አይነሡ። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 ያነሣችው የፍርድ ቤት ጉዳይ ይህን ያሳያል፦ ጥቁር ሴቶች ከሥራ በመቀነሳቸው ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱ የዘርና የጾታ አድልዎን አንድ ላይ አድርገው እንዲከሱ አልፈቀደም፤ ድርጅቱ ነጭ ሴቶችን ቀጥሯልና በጾታ በኩል ጥፋት አልተገኘም። ናይጄሪያዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር ኦየሮንኬ ኦየዉሚ ደግሞ በ1997 ከዚህም አልፋ ሄደች፦ በናይጄሪያ በሚገኘው የዮሩባ ማኅበረሰብ ከቅኝ ግዛት በፊት ሰውን የሚደለድለው አካሉ ሳይሆን ዕድሜው ነበር፣ ተውላጠ ስሙም ጾታ አይለይም አለች። ቢቢ ባካሬ ዩሱፍ የመለሰችላት ቋንቋ ልዩነቱን አለመጥራቱ በኑሮ ውስጥ ልዩነቱ አለመኖሩን አያረጋግጥም ብላ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ክርክር በራሱ አፍ ሊፈትነው ይችላል። «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ሳይለይ ለአንድ ሰው መናገር አይችልም፤ «እርስዎ» ሲል ግን ክብሩ ጾታውን ይሸፍነዋል። ይህንን መልስ የጠያቂውን ጾታ ሳላውቅ እስከዚህ ያደረስኩት በዚያ ነው። ይሁንና «እርስዎ» የሚባሉ ሴትና ወንድ እኩል ይደመጣሉ ማለት አይደለም።

ወደ ሥራው። እያንዳንዱን የመስክ ማስታወሻ በአራት ጥያቄ ያንብቡት፦ እዚህ የሚናገረው ሥጋ ነው (ቁርጠት፣ ቁመት፣ ድካም)? ልጅቷ ከውስጥ የምትኖረው ነው? ደንብና እይታ ነው? ወይስ የተሰጠ ስም ነው? አብዛኛው ማስታወሻ ከአንድ በላይ ይነካል፣ እርሱን በግድ ወደ አንድ ሣጥን አይክተቱት። «በወር አበባዬ ጊዜ አልሮጥም» ያለች ልጅ ከአራቱም ትናገር ይሆናል፦ ያማታል፣ እንዳይታይባት ትፈራለች፣ ሜዳው አጠገብ ውኃ ያለው መጸዳጃ የለም፣ «ደካማ» ተብላለች። መጸዳጃውን ሳይጽፉ ሐፍረቱን ብቻ ከጻፉ ችግሩን ልጅቷ ላይ ጫኑት።

«ስፖርት ለምን አትወጂም?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «አልችልም» ወይም «ደክሞኝ» ሆኖ ይቀራል። «ኳሱ ወደ አንቺ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»፣ «የት መቆም ትመርጫለሽ?»፣ «ማን ሲያይሽ ነው የምታቆሚው?» ዓይነት፣ ድርጊትን የሚያስተርክ ጥያቄ ይሻላል። ሲመለከቱም ሜዳው ላይ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን መሐሉን እንደሚይዝ፣ ኳሱ በማን በኩል እንደሚያልፍ፣ መምህሩ ለማን ምን ብሎ እንደሚጮህ ይመዝግቡ። ከጉርምስና በፊት ያሉና በኋላ ያሉ ሁለት ቡድኖችን ካልያዙ በጉርምስና ሥጋው የሚጨምረውን ከዚያ በፊት ከነበረው ልማድ ጋር ማነጻጸር አይችሉም። ወንዶቹንም ያካትቱ፣ ወደ ኋላ የሚሉ ወንዶች አሉና፤ እነርሱ ከሌሉ ያንግን እንደ ሕግ አነበቧት ማለት ነው። በድፍረት የሚጫወቱትን ሴቶች «ልዩ ሁኔታ» ብለው አይለፏቸው፣ ከማን ጋር ተጫውተው እንዳደጉ ይጠይቋቸው።

ለአካለ መጠን ካልደረሱ ልጆች ጋር ስለሚሠሩ የወላጅ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ የልጅቷም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ መሐል ላይ ማቆም እንደምትችልም አስቀድመው ይንገሯት። ቪዲዮ አይቅረጹ፣ ክብደትና ቁመት አይለኩ። ጥናትዎ መታየት እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያስር የሚመረምር ሆኖ ሳለ ካሜራ ይዘው ሜዳ ዳር ከቆሙ የሚመዘግቡት እርስዎ ራስዎ ያመጡትን መታሰር ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ክፍለ ጊዜዎች ምንም ሳይጽፉ ይቀመጡ፣ ተማሪዎቹ ዓይንዎን እስኪለምዱት።